ይሰፋ ወይስ ክፍቱን ይቆይ

ለብዙ ዓመት በግራ ጎኔ ነው የተቀመጥኩት። ለቅሶ ብሄድ፣ ሰርግ ብሄድ፣ ሽምግልና ብጠራ መጀመሪያ የምፈልገው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ካገኘሁ ትከሻዬን ደገፍ አደርግና የቀኝ መቀመጫዬን ከምንጣፉ አነሳዋለሁ። ግድግዳ ከሌለ ከዘራዬን ተክዬ በሱ ላይ እንጠለጠላለሁ። የመርሳ ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። «እሱን እኮ መሬቱም አይመጥነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይበሉ ብዬ ተውኳቸው። እውነቱ ከሚወራ ኩራተኛ መባል ይሻለኛል።

እውነቱ ይኼ ነው። ከወገብ በታች፣ መቀመጫ ለሁለት ከሚከፈልበት ስንጥቅ አናት ላይ፣ ከጭራ አጥንቱ ዘንድ፣ የማሽላ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለችኝ። ደስ ሲላት ትዘጋለች፤ ያኔ ውስጥ ለውስጥ ታብጥና ታቃጥለኛለች። ደስ ሲላት ትከፈትና መግል ታፈሳለች። ስታፈስ ሕመሙ ይተወኛል፣ ሽርጤ ግን ይበላሻል። መስጊድ ስሄድ ልብሴ ንጹሕ ይሁን አይሁን እርግጠኛ ስለማልሆን የምቆመው መጨረሻው ሶፍ፣ ከሁሉ ኋላ ካለው ረድፍ ላይ ነው።

ኪንታሮት ነው ብዬ ነበር። አገሩ ከኋላ ለሚያም ነገር ሁሉ ያለው ስም ያ ብቻ ነው። ውርጌሳ ኪንታሮት የሚነቅል ሰው አለ ብለው ነግረውኝ ሄድኩ። ሰውዬው ጥቁር ዱቄት ነሰነሰበትና «ሰንበት ብሎ ተነቅሎ ይወድቃል» አለኝ። የተነቀለው ቆዳዬ ነው። ቀዳዳይቱማ እህት ጨምራ ጠበቀችኝ፤ ሁለት ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ ነው። ባበጠ ቁጥር በምላጭ ይከፍቱና መግሉን ያፈሱልኛል። የፈሰሰ ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል። ከርሞ ደግሞ ይመለሳል። ደጋግሞ ሲመለስ «ይኼ የኛ አቅም አይደለም፣ ወልድያ ይሂዱ» አሉኝ። እምቢ ብዬ ቆየሁ። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ሲጥለኝ ነው ባለቤቴ ጎትታ ሚኒባስ ያሳፈረችኝ። ከመርሳ ወልድያ ድረስ የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክኬ ሄድኩ።

ሐኪሙ የልጅ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። በሆዴ አስተኝቶ አየኝና እጁን ታጥቦ መጣ።

«አባባ፣ ይኼ ኪንታሮት አይደለም። ፀጉር ነው።»

«የምን ፀጉር?»

«የራስዎ ፀጉር። ስንጥቁ ላይ ያለው ፀጉር ይሰበርና ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ያየዋል። እሾህ ሲወጋዎት ዙሪያው አይመግልም? እንደሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ወጣቶችን ነው፤ ሲቀመጡ የሚውሉትን፣ ሹፌሮችን። እርስዎ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። መኪናው ላይ፣ ከጭነቱ አናት ተቀምጬ ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ነው ጉልበቴ ያለቀው።»

«እንግዲያው ያኔ ነው የጀመረዎት። ከእርስዎ ጋር አርጅቷል።»

ባለቤቴ ከጥግ ሆና «እኔ እኮ ከራሱ ላይ የጠፋው ፀጉር የት ገባ እል ነበር» አለች። ሐኪሙ ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው።

የጓንት ካርቶን ቀደደና ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ እየሣለ አስረዳኝ። ሦስት መንገድ አለ አለ። አንደኛው የታመመውን ሥጋ እስከ ታች ቆርጦ አውጥቶ ጉድጓዱን ክፍቱን መተው ነው። በየቀኑ ይታጠባል፣ ጎዝ የሚሉት ነጭ ጨርቅ እስከ ታች ድረስ ይታሸግበታል፤ ሥጋው ከሥር ወደ ላይ ራሱ ይሞላል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ሲድን ግን የመመለሱ ነገር አነስ ይላል። ሁለተኛው ቆርጦ እዚያው መሀል ለመሀል መስፋት ነው። ቶሎ ይገጥማል። ግን ቦታው ላብና እንቅስቃሴ የማያጣው ስለሆነ ስፌቱ ብዙ ጊዜ ይመግላል ወይ ይፈታል፤ ተመልሶ የመምጣቱም ነገር ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛው ከጎን ሥጋ አዙሮ አምጥቶ ጉድጓዱን መሙላትና ስፌቱን ከስንጥቁ መሀል ወደ ጎን ማውጣት ነው።

«ከሁሉ የሚሻለው እሱ ሦስተኛው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው» አለኝ። «እኔ ግን አልሠራውም፣ አልዋሽዎትም። ደሴ የሚሠራ ሐኪም አለ። ልልክዎት እችላለሁ፤ ወረፋ ይጠብቃሉ። እዚህ የምሠራልዎት ከሆነ ክፍቱን ብንተወው ነው የምመርጠው። ገባዎት?»

«ገብቶኛል» አልኩት።

በደንብ ነው የገባኝ። እኛ ሀብሩ ወረዳ ማሽላ በጉድጓድ እናኖራለን። እርጥበት ያለበትን እህል ከተህ አፉን ከደፈንከው ላዩ ደረቅ አፈር ነው፤ የረገጠው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ታቹ ግን ይበሰብሳል። ስትከፍተው ሽታው ሰው ይጥላል። ስለዚህ የትኛው እንደሚሻለኝ ገና እየሣለ ሳለ አውቄዋለሁ። ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ።

«ተመካከሩና ከምሳ በኋላ ተመለሱ» አለን።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ሳለ አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባዶ ወንበር እያየ የሚቆም ሰው ሳይ ወገኔ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። እሱም አወቀኝ።

«አባት፣ እርስዎም ከኋላ ነው?»

«አንተስ?»

«እኔማ ሁለተኛዬ ነው። ሹፌር ነኝ። ጉባ ላፍቶ ነው አገሬ። መጀመሪያ አሰፋሁት፤ ስፌቱ ወጣልኝ ብዬ መሪ ይዤ ኮምቦልቻ ሳልደርስ ተተረተረ። አሁን ክፍት ነው።»

«ማነው የሚያሽግልህ?»

«ሚስቴ ናታ! ጧት ማታ። ምን ልበልዎት፣ መልኬን ረስታዋለች። በቀደም ከፊት ለፊት ስመጣባት "ምን ፈልገው ነው?" አለችኝ በማርያም።»

ሳቅኩ። ስስቅ ያመኛል፤ እሱም ስቆ ያመዋል፤ ሁለታችንም ግድግዳውን ይዘን ቀረን። ከዚያ ሳቁ ሲያልፍ ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። የኔ ባለቤት ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። መርፌ ቀዳዳ ክር አታስገባም። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጎዝ ልታሽግ ቀርቶ እኔን ከበሩ ላይ የምትለየኝ በከዘራዬ ድምፅ ነው።

ከምሳ በኋላ ሐኪሙ የፈራሁትን ጠየቀ። «ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚያሽግልዎት ሰው አለ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ «እንዴታ!» አለች። «የልጃችን ሚስት ነርስ ናት። እዚያው መርሳ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራ። ግቢያችን ነው የምትኖር።»

ሐኪሙ ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ጎደለዎት! እድለኛ ነዎት አባባ።»

የኛን አገር ለማያውቅ ይኼ እድል ነው። እኔና ምራቴ ከገባች ጀምሮ ፊት ለፊት ተነጋግረን አናውቅም። ጠብ ኖሮን አይደለም፤ ወጉ ነው። እኔ ስገባ እሷ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ በጎን ትወጣለች። እኔ እያየሁ እህል አትቀምስም። ውሃ ስፈልግ እሷ እዚያው ቆማ እየሰማች ለባለቤቴ «ውሃ በያት» እላለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ «አባትሽ ውሃ ይላሉ» ትላታለች። ስሜን አትጠራም። የኔን ስም የያዘ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እንኳ ካርዱን አይታ «ቀጣይ» ብላ ነው የምትጠራው አሉ። ልጄ ሳዑዲ ነው፤ እሷን እኔ ግቢ ትቶልኝ ነው የሄደው፣ በአደራ። እንግዲህ በዚች ልጅ ፊት ሽርጤን ገልጬ ልተኛ ነው?

«ስፋው» አልኩት ሐኪሙን።

«አባባ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ…»

«ሰምቻለሁ። ስፋው።»

«ደሴ ልላክዎት እንግዲያው።»

«ደሴ ወረፋ አልጠብቅም። መንገዱ እንደሁ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ስፋው ብያለሁ ስፋው።»

ባለቤቴ ወደ ጣሪያው አየች። ሐኪሙም ሰፋው።

መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ሆኜ ነበር። ስፌቱ ወጣ፣ መስመር ብቻ ቀረ። በቀኝ ጎኔ እንኳ መቀመጥ ሞከርኩ። መስኖ ውሃ ያጣላቸው ሁለት ወንድማማቾች ነበሩና ሽምግልና ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ያን ቀን ግድግዳ አልፈለግሁም። ከሰው እኩል ምንጣፍ ላይ በሙሉ መቀመጫዬ ተቀመጥኩ። ነገሩ ረዘመ። ወንድማማቾቹ ከአባታቸው ዘመን ጀምረው ነው የሚዘረዝሩት። ፀሐዩ ሲበረታ ከሥሬ ሙቀት ተሰማኝ፣ ቀጥሎ እርጥበት። ላብ ነው አልኩ ለራሴ። ላብ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ተነስቼ ልሂድ ብል ይታያል፣ ልቀመጥ ብል ይብሳል። እዚያው ተተክዬ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲነሳ እኔ ገና ቁጭ ብያለሁ። በመጨረሻ ስነሳ መግሉ ምንጣፉ ላይ ቀረ።  አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን አውልቆ ምንም እንዳላየ ሆኖ ጣለበት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወልድያ ስመለስ ሐኪሙ አላስረዳኝም፣ ካርቶንም አልቀደደም። «አሁን ጥያቄ የለም» አለና ቆርጦ አውጥቶ ክፍቱን ተወው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ በሆዴ ነው። አልጋዬ ከበሩ ትይዩ ነው፤ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የማየው እግር ብቻ ነው። የባለቤቴ እግር፣ የዶሮ እግር፣ የጎረቤት ሸበጥ። ምራቴ ነጭ ሸበጥ ነው የምታደርገው፤ እስከ በሩ ትመጣና ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ሰው ምን ሆነህ ነው ሲለኝ «ወገቤን» እላለሁ። ወገብ ክብር ያለው በሽታ ነው፤ ሠርቶ የደከመ ሰው ሕመም ነው።

የማሸጉን ነገር የፈታሁት በራሴ ዘዴ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ወንድ ነርስ አለ። ጧት ጧት ባጃጅ እየጠራሁ እሱ ዘንድ እሄድ ነበር። ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ ስለማልችል የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ መስኮቷን ይዤ ነው የምጓዘው። የመርሳ ልጆች «አባ፣ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄዱት?» እያሉ ይከተሉኛል። ባለ ባጃጁም «የሚከተለኝ ፖሊስ ካለ ንገሩኝ» ይለኛል። ነርሱ ቶሎ ቶሎ ያሽገኛል፣ እኔም ቶሎ እመለሳለሁ። በዚህ እዘልቀዋለሁ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደሆነ እኛ አንጠይቅም፤ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስልኩም አብሮ ጠፋ። ነርሱ ለካ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወልድያ ሄዶ ነበርና እዚያው ቀረ። ባጃጁም ነዳጅ የለም ብሎ ቆመ። ሳዑዲ ያለው ልጄ እንኳ ደውሎ ሊቆጣኝ አልቻለም።

የመጀመሪያውን ቀን ዋልኩ። ነገ ይከፈታል አልኩ። በማግስቱ ባለቤቴ ልሞክር ብላ ጎዙን ይዛ መጣች፤ በጣቷ እየዳሰሰች ቁስሉን ስታጣው ጀርባዬን አሸገችልኝ። ሁለታችንም ተናደድን። ሌላም ቀን ሲያልፍ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ዝንብ መጣ። ዝንብ አታፍርም። በሆዴ ተኝቼ እጄ አይደርስባትም፤ በጅራቱ ሊያባርራት የሚችል ከብት እንኳ ከኔ ይሻላል አልኩ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ።

ባለቤቴ የመስጊዳችንን ሼኽ ጠርታ አመጣች። አብሮ አደጌ ነው። ነገሩን በጆሮው ነገረችው፤ ለሌላ ሰው እንዳይወጣ ብዬ አስማልኩት።

«ምራትህ ለአንተ መሕረም ናት» አለኝ ከራስጌዬ ተቀምጦ። «እንደ ልጅህ ናት፤ ዕድሜ ልክ ለአንተ አትፈቀድም። ለሕክምና ግድ ሲሆን ደግሞ ማየቷም መንካቷም ይፈቀዳል። ዶሩራ ነው፣ የግድ ነገር።»

«ሸሪዓው ፈቀደ። እኔ አልፈቀድኩም።»

«ሱብሃነላህ! ከሸሪዓው ልትበልጥ ነው?»

«አልበልጥም። አፍራለሁ እንጂ።»

«አላህ ፊት በቁስል ሞቼ መጣሁ ስትለው አያሳፍርም?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሼኹ ትንሽ ቁርኣን ቀራብኝና «አብሽር» ብሎኝ ወጣ። ሲወጣ ነጩ ሸበጥ በሩ ላይ ቆሟል። እንደ ልማዱ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም። ገባና ከበሩ መጋረጃ በስተጀርባ ቆመ።

«አብዬ፣ አውፍ ይበሉኝ። ልናገር ነው።»

ድምጿን በቀጥታ ወደኔ ስትልከው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ባለቤቴን ፈለግሁ፤ «በያት» ልላት። ባለቤቴ ሆን ብላ ፊቷን አዞረች።

«አንቱ ያፍራሉ፣ ይገባኛል። እኔስ?» አለች። «ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ደጅ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲቀመጥ ምን ነው የሚባል? "ነርስ ምራት ቤት ውስጥ እያለች ሽማግሌውን ቁስል በላቸው" ነው የሚባል። ባሌ ሲመጣ ምን ልበለው? "አባትህ አፍረው ነው" ልበለው? አንቱ ያፈሩት ከአንቱ ጋር ይቀበራል። የኔው ግን እዚህ መርሳ ላይ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ገበያ ስሄድ፣ በሽተኛ ስጠራ አብሮኝ ይኖራል።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሐፍረት የኔ ብቻ ርስት ይመስለኝ ነበር።  እሷ ከመጋረጃው ጀርባ አልተነቃነቀችም። ማንም አልረዳኝም።

«በያት» አልኩ በመጨረሻ ለባለቤቴ። «አንሶላ ይቀደድ። መሀሉ ላይ በመዳፍ ልክ። ከዚያች ቀዳዳ ሌላ ምንም እንዳታይ። አንቺም ከራስጌዬ ትቀመጫለሽ። ወሬ የለም።»

«ሰምታለች እኮ።»

«በያት!»

«አንሶላ ቅደጂ ይላሉ አባትሽ።»

«እሺ በይልኝ» አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

አንሶላውን አለበሰችኝ። ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ። እጇ ሲነካኝ ሁለመናዬ እንደ እንጨት ደረቀ። ትንሽ አየችና ለባለቤቴ ተናገረች፤ «እማዬ፣ አፉ ተጋጥሟል። ላዩ ዘግቶ ታቹ ባዶ ነው፣ መግል ይዟል። በጣቴ መክፈት አለብኝ። ያማቸዋል።»

ያማቸዋል ብላ ነው የተናገረችው፤ የተሰማኝ ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። እሳት ነው። ትራሱን ነከስኩ፣ ትራሱ አልበቃኝም።

«ገደልሽኝ አንቺ ልጅ!»

ለምራቴ በቀጥታ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

«ገና ነው፣ አብዬ» አለችኝ።

ባለቤቴ ራስጌዬ ተቀምጣ ወሬ የለም ብያት ሳለ ትስቃለች። ሳቋ ሆዷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አልጋው ይነግረኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ያን ቀን ለመቆጣት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በየጧቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ትመጣለች። ታጥባለች፣ በመላጫ ዙሪያውን ትላጫለች፤ ፀጉሩ ተመልሶ ከገባ ድካማችን ከንቱ ነው ትላለች ለባለቤቴ። ታሽጋለች፣ ትወጣለች። ብርድ ብርዱ ተወኝ፣ ዝንቧም ተወችኝ። መንገዱ ሲከፈት ወንድ ነርሱ ተመልሶ «ይምጡ» ብሎ ላከብኝ። አልሄድኩም። እንደገና ባጃጅ ላይ ልንበረከክ ነው? ደግሞም እውነት እንናገር ከተባለ እሱ የሚያሽገው ላይ ላዩን ነበር፤ የሷ እጅ ታች ድረስ ይደርሳል። ወደድኩትም ማለቴ አይደለም። በየጧቱ ነጭ ሸበጧን በበሩ ሥር ሳይ አሁንም ፊቴን ትራሱ ውስጥ እቀብራለሁ። ግን መውጫ የለኝም፤ መውጫው በዚያች ልጅ ጣት በኩል ብቻ ነው።

እንዲህ ሳለን የመስጊዳችን ሰዎች ዱአ እናድርግለት አሉ። ወገቡን ላመመው ሰው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ዱአ እምቢ የሚል ማነው? በማለዳ መጡ፣ ገና ሳልታሸግ። ጫታቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ ሼኹ መሀል ገባ፣ እኔ እንደ ጆንያ በሆዴ ተጋድሜ መሀላቸው ነኝ። ጀመሩ። «ወገቡን አጽናለት!» «አሚን!» «እንደ ድሮው አስኪደው!» «አሚን!» እኔም ትራሱ ውስጥ አሚን እላለሁ።

የኛ አገር ዱአ በሰዓት አይለካም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። በበሩ ሥር አየሁ። ነጩ ሸበጥ መጥቶ ቆሟል። አጠገቡ የማጠቢያው ሳፋ ተቀምጧል። ቆመ፣ ቆመ። ወንድ በሞላበት ቤት እንዴት ትግባ? ባለቤቴ መጥታ በጆሮዬ «ዛሬ ተረኛ ናት፤ አሁን ካልገባች ነገ ጠዋት ነው የምትመለስ» አለችኝ። እስከ ነገ ካልታሸገ አፉ ይገጥማል። ከገጠመ ያ ጣት እንደገና ነው። ከዚያም መግሉ፣ ከዚያም ወልድያ፣ ከዚያም መቆረጡ። ለጤናዬ የሚለምኑት ሰዎች በሩን ዘግተውብኛል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስወጣቸው፣ እሱም እውነቱ ነው። ሌላ ውሸት ፈለግሁ። ለወገብ በሽታ ሰው ከቤት አይወጣም።

«ሼኽ» አልኩ።

አልሰማኝም።

«ሼኽ!»

«ምነው? ዱአ ላይ ነን።»

«ውጡልኝ።»

 ድሮ ሽንኩርት አብሮኝ ይነግድ የነበረ አንድ ባልንጀራ አለኝ፤ አፉ አያርፍም። «ወገብ በዱአ መሀል ይነሳል እንዴ?» አለ።

«ወገቤ አይደለም» አልኩ። ለግድግዳው ነው የምናገረው፤ ዞሬ ላያቸው አልችልም። «መቀመጫዬ ነው። ስንጥቁ ላይ ተቆርጬ ጉድጓድ አለብኝ። የምታሽግልኝ ደጅ ቆማለች፤ ሥራ ልትሄድ ነው።»

«ማናት?»

«ምራቴ ናት።»

የጫት ቅጠል ሲቀነጠስ ይሰማ የነበረው እንኳ ቆመ።

«ምራትህ?» አለ ባልንጀራዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንጥቅህን?»

«ስንጥቄን።»

ሼኹ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሚን በሉ» አለ። አሚን አሉ። «በሉ ተነሡ፤ ደጅ ዛፉ ሥር እንቀጥላለን።» ምንጣፉን ሳያነሱ፣ ጫታቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንድ በአንድ ወጡ። እግራቸውን በበሩ ሥር ቆጠርኩት። ሁሉም በነጩ ሸበጥ አጠገብ ሲያልፉ አንዴ ቆም ይላሉ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

ገባች። አንሶላውን አለበሰችኝ።  ጎዙ ሲወጣ ጥርሴን ነከስኩ። ታጠበ። ጣቷ ገባ።

«ምን ያህል ቀረው?» አልኩ። በያት አላልኩም፤ ባለቤቴ ደጅ ለሽማግሌዎቹ ውሃ ልትሰጥ ወጥታ ነበር።

እጇ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። «በፊት ጣቴ ሙሉው ይገባ ነበር፣ አብዬ። አሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ ነው። ታቹ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ሥጋ ይዟል።»

«ይሞላል?»

«ካልተቸኮለ ይሞላል።»

«ካልሞላስ?»

«ደሴ ይሄዳሉ። ከጎን አዙረው የሚሠሩት አለ። አሁን ግን አይንቀሳቀሱብኝ።»

አልተንቀሳቀስኩም። ደጅ ዛፉ ሥር ዱአው ትንሽ ተሰማ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ አለ፣ ቀጥሎ ወደ ሹክሹክታ ዞረ። ዱአ ወሬ ሲሆን ድምፁ ይለያል። ባልንጀራዬ ነው የሚናገረው። ከገበያ በፊት ሀብሩን ያዳርሰዋል። ተነስቼ ላስቆመው አልችልም፤ የሚለውም ውሸት የለበትም።

ጎዙን አስገብታ ጨረሰች። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ሳብ አደረገች፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በግድግዳው ጥግ ወጣች፤ ወጉ እንደሆነው። ሳፋውን ስታነሳና በሽማግሌዎቹ ፊት ስታልፍ ሹክሹክታው ዝም አለ። እስከ ነገ ጠዋት ተረኛ ናት። እኔም እስከዚያ ከዚህ የትም አልሄድም።